በ14 ዓመቷ ከቤት የወጣችው ሻምፒዮን

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ሙዝ እያስመዘንኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም። ደዋዩ የባድሜንተን አሰልጣኝ መሆኑን ነገረኝና ስለ ልጄ ማውራት ጀመረ። በአንድ የተማሪዎች ውድድር ላይ ስትጫወት አይቷት ነበር። እጇ ፈጣን፣ እግሯ ቀላል እንደሆነ አጫወተኝ። ከዚያም፣ "ልጅቱን ይስጡኝ። አዲስ አበባ ከሌሎች ልጆች ጋር የምታድርበት ቤት አለን። በሦስት ዓመት ውስጥ የአገር ማሊያ ለብሳ ያዩዋታል" አለኝ።

ሰውየው በቅንነት ነው የተናገረው። እኔን ግን "ይስጡኝ" የምትለዋ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለችኝ። የገዛሁትን ሙዝ ትቼ መንገድ ስጀምር ሻጯ ናት ጠርታ የመለሰችኝ።

ለምን እንደደነገጥኩ እንድትረዱልኝ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። የተወለድኩት ዶርዜ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የአገራችን ሸማኔ ለመስቀል መጣና እናቴን "ልጁን ስጪኝ፤ ሽመና አስተምረዋለሁ፤ ትምህርት ቤትም አስገባዋለሁ" አላት። አባቴ ሞቷል። እኛ ልጆቿ አራት ነን። እናቴ ሰጠችኝ።

ሽሮ ሜዳ የደረስኩበት ክፍል ሦስት የሽመና ዕቃ የተተከለበት ነበር። እኛ ልጆቹ የምንተኛው በዕቃዎቹ መካከል ነው። ሳይነጋ ተነስተን ቀሰም እንሞላለን፤ ማታም በኩራዝ እናመሻለን። ትምህርት ቤቱ "በሚቀጥለው ዓመት" እየተባለ ሦስት ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት እናቴ ስለ እኔ የሰማችው ወሬ ቢኖር ለመስቀል የሚገቡ ሰዎች "ደህና ነው" ያሏትን ብቻ ነበር። አንዲት የሰፈራችን እናት ጎትተው ማታ ትምህርት ቤት ባያስመዘግቡኝ ኖሮ ዛሬ መምህር ተብዬ ጠመኔ አልይዝም ነበር።

ይህ ታሪክ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የጋሞ አንባቢዎቼ ያውቁታል። ሽመና የምንኮራበት ሙያችን ነው። የአገር ልብስ የምትለብሱ ሁሉ የአባቶቻችንን እጅ ለብሳችኋል። ነገር ግን "ልጁን ስጪኝ" ተብለው ወጥተው ያልተመለሱ ልጆች ያሉት ቤት በደጋችን ብዙ ነው። እንግዲህ እኔ ልጄን "ስጠኝ" የተባልኩት ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው።

ላባዋ ቤታችን የገባችበት መንገድ

ባድሜንተን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ጨዋታ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ለእኔም እንግዳ ነበር። ሴቻ ከቤታችን አጠገብ በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩ አንድ ህንዳዊ መምህር ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በግቢያቸው ካለው የማንጎ ዛፍ እስከ አጥሩ ገመድ ወጥረው፣ ጠዋት ጠዋት ከባለቤታቸው ጋር ይጫወታሉ። ከሰዓት በኋላ አይሞክሩትም፤ ከሐይቁ በኩል የሚነሳው ንፋስ ኳሷን አያስቆማትም።

ኳስ ስል እንደ ሌላው ኳስ አይምሰላችሁ። በአንድ የቡሽ ጉልላት ላይ 16 የወፍ ላባዎች ዙሪያውን የተሰኩባት፣ ክብደቷ ከ5 ግራም ብዙም የማይርቅ ቀላል ነገር ናት። ከወገብ ከፍ ባለ፣ ቁመቱ 1.55 ሜትር በሆነ መረብ ላይ በራኬት ትመታለች፤ መሬት ከነካች ነጥብ ይቆጠራል። ለነጠላ ጨዋታ የሜዳው ርዝመት 13.40፣ ስፋቱ 5.18 ሜትር ነው። አንዱ ጨዋታ እስከ 21 ነጥብ ሲሆን ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ያሸንፋል። ጨዋታው ከባርሴሎና 1992 ጀምሮ በኦሊምፒክ የሜዳሊያ ስፖርት ነው። በአፍሪካም ሥር እየሰደደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአህጉሩ ሻምፒዮና የተካሄደው በእኛው አዲስ አበባ ነበር።

ልጄ የያኔዋ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሥራዋ አጥር ዘላ የወደቀችውን ላባ መመለስ ነበር። ስትመልስ ስትመልስ አንድ ቀን በራኬት መለሰቻት። መምህሩ ውላቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሲሄዱ ሁለት ራኬትና አንድ ቱቦ ሙሉ የላስቲክ ኳስ ሰጥተዋት ሄዱ። ከዚያ በኋላ የቤታችን ግድግዳ ሰላም አላገኘም። ትምህርት ቤቷ ውስጥ አንድ የስፖርት መምህር አዳራሹን እየከፈተላት ሌሎች ልጆችንም ሰበሰበ። ወሬው በዚህ መንገድ ነው አሰልጣኙ ጋ የደረሰው።

"እሷም እኮ በ14 ዓመቷ ነው"

ስለ ስልኩ በነገርኳት ማግስት፣ ከሥራ ስገባ ልጄ በረንዳው ላይ ተንበርክካ ጠበቀችኝ። በእጇ እርጥብ ሣር ይዛለች።

የጋሞ ልጅ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋል። መስከረም 2011 ዓ.ም. በከተማችን ግርግር ሊነሳ ሲል የጋሞ አባቶች ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው ወጣቶቹን የመለሱበትን ቀን አገር ያስታውሰዋል። ልጄ ያንን ክብር ለግል ጉዳይ በማዋሏ ልቆጣት ፈለግኩ፤ ግን ሳቄ ቀደመኝ። "ተነሺ፤ ተናገሪ" አልኳት።

"አባዬ፣ ካሮሊና ማሪንም እኮ ከቤቷ የወጣችው በ14 ዓመቷ ነው። እኔም 14 ሆኖኛል።"

ካሮሊና ማሪን ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር። መምህር ነኝና ሳላጣራ መልስ መስጠት አልወድም። የአንድ ሳምንት ጊዜ ጠየቅኳት፤ ማታ ማታ አብረን ቁጭ ብለን ጨዋታዎቿን አየን፤ ታሪኳንም አነበብኩ። ያነበብኩት ግን ልጄ ባነበበችበት ዓይን አይደለም። እሷ ሜዳሊያውን ታያለች፤ እኔ የምፈልገው ወላጆቿን ነበር።

ካሮሊና የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ ምዕራብ ስፔን በምትገኝ ሁዌልቫ በምትባል ከተማ ነው። ለወላጆቿ አንድ ልጅ ናት። በልጅነቷ የአካባቢዋን ባህላዊ ጭፈራ ፍላሜንኮን ትማር ነበር። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናት አንዲት ጓደኛዋ ባድሜንተን ወደሚጫወቱበት ቦታ ወሰደቻት፤ በዚያው ቀረች። ልብ በሉ፤ ስፔን የእግር ኳስና የቴኒስ አገር ናት። ባድሜንተን የቻይና፣ የኢንዶኔዥያ፣ የዴንማርክ፣ የኮሪያ ነው። አንድ የሁዌልቫ አባት ልጁ ባድሜንተን ተጫዋች ልሁን ስትለው የሚሰማው፣ አንድ የአርባ ምንጭ አባት ከሚሰማው ብዙም የሚለይ አይመስለኝም።

በ14 ዓመቷ ፈርናንዶ ሪቫስ የተባለው አሰልጣኝ ዘንድ እንድትሰለጥን ወደ ማድሪድ ተጠራች። ከሁዌልቫ ማድሪድ ከእኛ አዲስ አበባ እንደመሄድ ነው፤ ሩቅ ነው። ወላጆቿ ፈቀዱ። ያረፈችው ለስፖርተኞች ተብሎ በተዘጋጀ መኖሪያ ነው፤ እዚያው እያደረች ትማራለች፤ ትሰለጥናለች። ይህን ሳነብ ብዕሬን አውጥቼ ሁለት ነገር ጻፍኩ፦ መኝታና ትምህርት ቤት። ምክንያቱም እኔ ሽሮ ሜዳ የጎደለብኝ እነዚህ ሁለቱ ነበሩ።

ከሽንፈት እስከ ሪዮ

ጥሩነሽ ዲባባና መሠረት ደፋር ወርቅ ባመጡበት የለንደን 2012 ኦሊምፒክ ካሮሊና የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። ገና በምድብ ጨዋታ በቻይናዊቷ ሊ ሹዌሩይ ተሸንፋ ተሰናበተች። ሊ በዚያው ውድድር የወርቅ ሜዳሊያውን ወሰደች።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ኮፐንሃገን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ካሮሊና የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ17 ተሸነፈች። ሁለተኛውን በዚያው ውጤት መለሰች፤ ሦስተኛውን 21 ለ18 አሸንፋ በ21 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። በቀጣዩ ዓመት ጃካርታ ላይ ህንዳዊቷን ሳይና ኔህዋልን አሸንፋ ድሉን ደገመችው።

ከዚያ ሪዮ መጣ። አልማዝ አያና የ10 ሺህ ሜትሩን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችበትን የ2016 ኦሊምፒክ ታስታውሱታላችሁ። ካሮሊና በፍጻሜው የተገናኘችው ከህንዳዊቷ ፒ.ቪ. ሲንዱ ጋር ነው። የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ19 ተሸነፈች። የቀሩትን 21 ለ12 እና 21 ለ15 አሸነፈች። በኦሊምፒክ ታሪክ የሴቶች ነጠላ ወርቅ ከእስያ ውጭ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ያን ጨዋታ ከልጄ ጋር ሦስት ጊዜ አይተነዋል። እኔን የነካኝ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ነው። ካሮሊና መሬት ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። የተሸነፈችው ሲንዱ መረቡን አልፋ መጥታ አነሳቻት፤ አቀፈቻት። የካሮሊናን ራኬት ከወለሉ አንስታም ቦርሳዋ ጋ አስቀመጠችላት። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታ፣ "ይቺን ደግሞ ማን ይሆን ያሳደጋት?" አለች። እኔም ስለ ሲንዱ አነበብኩ። እናትና አባቷ የመረብ ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ። ያደገችው በዚያው በሃይደራባድ፣ የቀድሞው ተጫዋች ፑሌላ ጎፒቻንድ በሚያሰለጥኑበት ቦታ ነው። እንግዲህ እዚያ ሜዳ ላይ ከቤቷ ርቃ ያደገችም፣ በወላጆቿ ከተማ ያደገችም አሉ። ሁለቱም ፍጻሜ ደርሰዋል። ይህን ለልጄ ስነግራት "እሷማ እዚያው አሰልጣኝ ነበራት" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጉልበቱ ሲበጠስ

ልጄ የምታልፈው፣ እኔ ግን ደጋግሜ ያነበብኩት ክፍል አለ።

ካሮሊና እ.ኤ.አ. በ2018 ናንጂንግ ላይ ሲንዱን እንደገና አሸንፋ ሦስተኛ የዓለም ዋንጫዋን አነሳች። በሴቶች ነጠላ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ወሩ ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ፣ ጃካርታ ውስጥ በአንድ ፍጻሜ 10 ለ4 እየመራች ሳለ ዘላ ስታርፍ የቀኝ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በስምንተኛው ወር ቻይና ላይ ተመልሳ ዋንጫ በላች።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ አባቷ ሥራ ላይ እያሉ አደጋ ደረሰባቸው፤ ሐምሌ ላይ አረፉ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ወር ባንኮክ ውስጥ በተከታታይ ሁለት ውድድሮችን አሸነፈች። ሁሉም የቶኪዮውን ኦሊምፒክ ወርቅ ለእሷ እየቆጠረ ሳለ፣ ውድድሩ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው የግራ ጉልበቷ ጅማትና ልም አጥንቱ ተጎዳ። ቶኪዮን በቴሌቪዥን አየችው።

እንደገና ታከመች፤ እንደገና ተመለሰች። ታምራት ቶላ በማራቶን ባሸነፈበት የፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ቻይናዊቷን ሄ ቢንግጂያዎን የመጀመሪያውን ዙር 21 ለ14 ረታ፣ ሁለተኛውንም እየመራች ነበር። ፍጻሜው ጥቂት ነጥብ ቀርቶታል። ያው የቀኝ ጉልበቷ ከዳት። ጉልበቷን በማሰሪያ አስራ ተነሳች፤ ሁለት ነጥብ ያህል ሞከረች፤ ከዚያ ተንበርክካ አለቀሰች። አሰልጣኟ ሪቫስ ከአጠገቧ ነበር፤ ከ14 ዓመቷ ጀምሮ የያዛት ሰው። ሄ ቢንግጂያዎ የብር ሜዳሊያዋን ስትቀበል በእጇ የስፔንን አርማ የያዘ ትንሽ ምልክት ይዛ ቆመች። በዚያው ዓመት ካሮሊና የስፔን ትልቁን የአስቱሪያስ ልዕልት የስፖርት ሽልማት ተቀበለች። በትውልድ ከተማዋ ያለው የስፖርት አዳራሽም በስሟ ይጠራል።

"አየሽ፣ ሦስት ጊዜ ጉልበቷ ተበጥሷል" አልኳት ልጄን።

"ሦስት ጊዜ ዓለምን አሸንፋለች" አለችኝ።

ሁለታችንም አልዋሸንም። በወረቀቴ ላይ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ስትጎዳ ማን ያሳክማታል? ካሮሊና ጉልበቷ በተበጠሰ ቁጥር ሐኪም፣ ወጌሻና አሰልጣኝ ከበዋታል። የእኔ ልጅ ጉልበቷ ቢበጠስ አልጋዋ አጠገብ ማን ይቆማል?

መስቀል በዶርዜ

ለመስቀል እንደ ደንባችን ዶርዜ ወጣን። ጠመዝማዛውን ዳገት ስንወጣ ሙቀቱን እታች ትተን ብርዱ ተቀበለን። ለጋሞ ሰው መስቀል የተበተነ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከጂንካ፣ ከሐዋሳ ሁሉም ይገባል። እናቴ ቆጮውንና ዳጣውን አቅርባ ልጆቿን አንድ በአንድ ቆጠረች።

በሁለተኛው ቀን ማታ ነገሩን አነሳሁ። ወንድሞቼ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ "ዕድል ነው፤ አትዝጋባት" አለ። ሌላው "ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ" ብሎ ጀምሮ አልጨረሰውም። እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች ዝም ብላ ቆየች። ኋላ ልጄን ጠርታ "እስቲ ያንን ዕቃ አሳይኝ" አለቻት።

ልጄ ላባዋን አምጥታ እጇ ላይ አኖረችላት። እናቴ አገላበጠቻት። እኔም ለጨዋታ ያህል ያነበብኩትን ነገርኳት፦ እንግሊዞች ይህችን ላባ "ሹትልኮክ" ይሏታል፤ "ሹትል" ማለት የሸማኔ መወርወሪያ ነው፤ እንደ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ስለምትል ነው ስሙን ያገኘችው።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "መወርወሪያማ የሚወረውረው እጅ አለው፤ የሚቀበለውም እጅ አለው" አለች። ትንሽ ቆይታም ቀጠለች። "እኔ አንተን ስሰጥ የሚቀበልህን እጅ አላየሁም። የት ትተኛለህ ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ ነውር መስሎኝ ነበር፤ ሰውየው የአገር ሰው ነው፣ ቅር ይለዋል ብዬ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየማታው በልቶ ይሆን እያልኩ አደርኩ። አንተ ግን ተምረሃል። ሂድና ጠይቅ። ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው።"

በ38 ዓመት ውስጥ እናቴ ስለዚያ ነገር ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ወንድሞቼም ዝም አሉ። እኔም "ምንም አይደለም" ማለት ፈለግኩ፤ አልወጣልኝም።

በሩ ላይ የተጠየቁ ጥያቄዎች

በጥቅምት አዲስ አበባ ሄድኩ። አሰልጣኙ በአክብሮት ተቀበለኝ። አዳራሹን አሳየኝ፤ ልጆቹ ሲሰለጥኑ ቁጭ ብዬ አየሁ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ላባዋ ከእኛ አርባ ምንጭ ይልቅ እንደምትፈጥን፣ ስለዚህም ለደጋ አገር ቀስ የሚል ላባ እንደሚመረጥ ያስረዳኝ እሱ ነው። ሙያውን የሚወድ ሰው ነው። ከዚያ ወረቀቴን አወጣሁ። ለእናንተም ይጠቅም ይሆናልና የጠየቅኩትን ልጻፈው፤ ለስፖርት ብቻ ሳይሆን ልጅ ለሥራም ለትምህርትም ከቤት ሲወጣ የሚጠየቅ ነው።

የት ትተኛለች? ከማን ጋር? ሌሊት እቤቱ የሚያድር ትልቅ ሰው ማን ነው? የት ትማራለች? ስሟ ዛሬ ተመዝግቧል ወይስ ወደፊት ይመዘገባል? ብትታመም፣ አጥንቷ ቢሰበር ማን ያሳክማታል? ስልክ መቼ ትደውላለች? ሰው ሳይሰማት ማውራት ትችላለች? በዓመት ስንት ጊዜ ትመጣለች? በቃኝ፣ ልመለስ ብትል ዕዳ አለባት?

አብዛኛውን በደንብ መለሰልኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ አራት ልጃገረዶች አሉ፤ ስልክ አይከለከሉም፤ መመለስ የፈለገች ትመለሳለች። ሁለቱ ላይ ግን ቆመ። ምግብ የምታበስላቸው ሴት ማታ ወደ ቤቷ ስለምትሄድ ሌሊት ከልጆቹ ጋር የሚያድር ትልቅ ሰው የለም። ትምህርቱን ደግሞ "እናመቻቻለን" አለኝ።

"እናመቻቻለን" እና "በሚቀጥለው ዓመት" ለእኔ አንድ ቃል ናቸው። አመሰግኜው "ዘንድሮ አይሆንም" አልኩት። ቅር አለው። ቅር ይበለው።

ከሰውየው ይልቅ ልጄ ከበደችኝ። ነገሩን ስነግራት አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ራኬቷን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ሦስት ሳምንት ያህል "እሺ" እና "አይ" ብቻ መለሰችልኝ። አንድ ቀን ማታ ባለቤቴን "አባዬ እኮ የራሱን ነው የሚፈራው፣ የእኔን አይደለም" ስትላት ሰማሁ። ያ አባባል ቆረጠኝ፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ወላጅ ሲፈራ ለልጁ ይሁን ለራሱ ቁስል መለየት ያቅተዋል። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና ጠዋት ይህንኑ ነገርኳት። "ግማሹ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሌሊት ትልቅ ሰው የሌለበት ቤት ግን የአንቺ ነው" አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ቅዳሜ ዕለት ግን ራኬቱ ከግድግዳው ላይ አልነበረም።

በጥር ወር አሰልጣኙ ራሱ ደወለ። ስለ ሌሊቱ ነገር አስቦበት፣ አንዲት እናት እንዲያድሩ ማድረጉን ነገረኝ። ትምህርቱ ግን አሁንም አልተያዘለትም። እሱ ነው መፍትሔውን ያመጣው፦ "ለምን ክረምቱን ሁለት ወር አትመጣም? ትምህርት ሲከፈት ትመለስ።" የምታድርበትን ቦታ ደግሞ እኔ አመጣሁ። ታናሽ እህቴ ሸማኔ አግብታ ሽሮ ሜዳ ትኖራለች።

አዎ፣ ያችው ሽሮ ሜዳ። ሐምሌ ላይ ልጄን ይዤ ያንን ዳገት ስወጣ እግሬ ከብዶኝ ነበር። እህቴ ለብቻዋ አልጋ አዘጋጅታላት ጠበቀችን።

ይህን ስጽፍ ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ደውላ "አባዬ፣ የአክስቴ ባል መወርወሪያውን ሲወረውር አየሁት። የእጁ አንጓ ልክ እኛ እንደሚያስተምሩን ነው" አለችኝ። ከአራቱ ልጆች ሦስቱ አሁንም ያሸንፏታል። አንዷን አሸንፋታለች። ትልቅ ተጫዋች ትሁን አትሁን እኔ አላውቅም፤ አሰልጣኙም "ገና ነው" ይላል። ስለ ዓመቱ ሙሉ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በእጃችን ሲገባ እንደገና እንነጋገራለን ተባብለናል።

ማታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ አለ። መጀመሪያ የምትደውለው ከዶርዜ እናቴ ናት። ልጄ አንዳንዴ ታማርራለች፤ "አያቴ ስለ ጨዋታው አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ምን በላሽ፣ ከማን ጋር በላሽ ብቻ ነው" ትለኛለች።

"መልሺላት" እላታለሁ። "ሁሉንም ንገሪያት።"

የመመለሻ ትኬቷ ተቆርጧል። ዘንድሮም ለመስቀል ዶርዜ እንወጣለን፤ እናቴ ስትቆጥር አንድም አይጎድልባትም።